ዓይን እያየ ልብ የማያየው ነገር

የቤተ ሰብ ነገር በሚጻፍበት በዚህ ገጽ ላይ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ጤና ብዙ ተጽፎ አንብበናል። እኛ ግን ዛሬ የምንጽፈው ስለ ግማሽ እንጀራ ነው። ነገሩ ለጊዜው ትንሽ ይመስላል፤ ዳሩ ግን በወላጆቻችን ቤት የ46 ዓመት ትዳር ሊያናጋ የደረሰ፥ እኛም በሥራችን ላይ ሳለን የሠራነውን አንድ ስሕተት እንድንመረምረው ያደረገ ነገር ስለ ሆነ፥ ክቡራን አንባቢዎች በትዕግሥት እንዲያነቡልን እንለምናለን።

አባታችን መሪጌታ ናቸው፤ በጎንደር አገር ከ40 ዓመት በላይ አቋቋም ሲያስተምሩ ኖረዋል። ዕድሜያቸው 75 ሲሆን፥ ባለፈው ዓመት ጾመ ፍልሰታ በተፈታ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከመኝታቸው ሊነሡ ሲሉ ግራ እግራቸው ከዳቸውና ወደቁ። ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት አደረስናቸው። ሐኪሙም ሲቲ ስካን በሚባለው መሣሪያ ራሳቸውን አስነሥቶ ከተመለከተ በኋላ፥ በቀኙ የአንጎል ክፍል ደም የሚያመላልሰው ሥር ተደፍኖ የዚያ ስፍራ ሕዋስ በደም እጦት መጎዳቱን፥ ይህም ስትሮክ የተባለው ደዌ መሆኑን ነገረን። የአንጎል ቀኝ የሰውነትን ግራ የሚያዝ ስለ ሆነ፥ የደከመው ግራ እጃቸውና ግራ እግራቸው ነበረ። አንደበታቸው ግን አልተነካም፤ ሰላምታው፥ ምርቃቱ፥ ጨዋታው ሁሉ እንደ ቀድሞው ነበረ። ከ19 ቀን በኋላ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ጎረቤቱ ሁሉ በእልልታ ተቀበላቸው፤ እኛም ከመሥሪያ ቤታችን ፈቃድ ተቀብለን አብረናቸው ልንሰነብት ሄድን።

የመጀመሪያው ቀን ራት ዶሮ ነበረ። እናታችን እንደ ልማዳቸው በትሪው ላይ እንጀራውን ዘርግተው፥ በአንድ ወገን አልጫውን፥ በሌላው ወገን ዶሮ ወጡን ከነእንቁላሉ አወጡ። አባታችን ባርከው ቈረሱ። በቀኝ በኩል ያለውን እንጀራ ከነአልጫው አጣጥመው እስከ ትሪው ጠርዝ ድረስ በሉት፤ በግራ በኩል ያለው ዶሮ ግን እጅ ሳይነካው እንዳለ ቀረ። ከዚያም ቀና ብለው፥ «ዶሮ ታርዷል ስትሉ ሰምቼ ነበር፤ ለእንግዳ አስቀመጣችሁት ወይ?» አሉ። ሁላችንም ቀልድ መስሎን ሳቅን። እርሳቸው ግን አልሳቁም።

በቀጠለው ሳምንት እንዲህ ያለው ነገር በዛ። ጫማ ሲያደርጉ የቀኙን ብቻ አድርገው ይነሡ ነበር፤ ጋቢያቸው በግራ ትከሻቸው ወርዶ መሬት ሲጐተት አያውቁትም፤ በበር ሲያልፉም መቃኑን በግራ ትከሻቸው ይመቱታል። ይህን ሁሉ የድካም ነው ብለን አለፍነው። የከፋው ግን የእናታችን ነገር ነው። እናታችን ከተጋቡ ጀምሮ የሚቀመጡት ከአባታችን በስተ ግራ፥ በምድጃው በኩል ባለው መደብ ላይ ነው። ከዚያ ሆነው ሲናገሯቸው አባታችን አንዳንድ ጊዜ ዝም ይላሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ፊታቸውን ወደ ቀኝ መልሰው በዚያ ለተቀመጠው ሰው ይመልሳሉ። ቡናው በግራ ከተቀመጠ ሳይጠጣ ይበርዳል። ከመታመማቸው ሁለት ሳምንት በፊት ደግሞ በታናሽ እኅታችን ጋብቻ ነገር ሁለቱ ተቀያይመው ነበርና፥ እናታችን ይህን ሁሉ ከዚያ ቂም ቈጠሩት። አንድ ቀን ማታ ወደ ማጀት ጠርተውን፥ «ልጄ፥ ሰው እንዴት ሚስቱ ከጎኑ ተቀምጣ እንደሌለች ይቈጥራታል? ለጎረቤት ይስቃሉ፥ አንተን ያጫውታሉ፤ እኔን ግን አያዩኝም። ሞትን ካዩ በኋላ እንኳ ይቅር አላሉኝም» ብለው አለቀሱ። በማግሥቱም ወደ ወንድማቸው ቤት ለመሄድ ልብሳቸውን በነጠላ ቋጥረው አገኘናቸው።

ነገሩን መጠርጠር የጀመርነው በወረቀት ነው፤ ጸሐፊ ስለ ሆንን ከወረቀት በቀር የሚያስረዳን ነገር ጥቂት ነውና። እናታችንን ሁለት ቀን ብቻ እንዲታገሡን ለምነን፥ የእድሩ ጸሐፊ የጻፈላቸውን ደብዳቤ አባታችን እንዲያነቡት ሰጠናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጀመሩ፤ ነገር ግን እያንዳንዱን መስመር ከመካከል እየተነሡ እስከ ቀኝ ዳር ያነቡ ነበር። ነገሩ አልገጥም ሲላቸው፥ «ይህን ሰው አማርኛ ማን አስተማረው?» ብለው በጸሐፊው ተቈጡ። ቀጥለን ዳዊታቸውን ሰጠናቸው። ዳዊቱን ግን ከመስመሩ ራስ እስከ መጨረሻው አንዲት ፊደል ሳያጐድሉ ዘለቁት። ለጊዜው ግራ ገባን፤ (ግራ መግባት የሚለውን የአገራችንን አነጋገር ያን ቀን በልዩ ትርጓሜ አወቅነው) ኋላ ግን ምክንያቱ ተገለጠልን። ዳዊቱን ከልጅነታቸው ጀምሮ በቃላቸው ስለ ያዙት፥ ዓይናቸው የመስመሩን አጋማሽ ባያነብም ልባቸው ይሞላዋል። ደብዳቤውን ግን ከዓይን በቀር የሚሞላው የለም።

ይህን ይዘን ወደ ሐኪሙ ሄድን። ሐኪሙም ሰምቶን፥ «የአባትዎ ዓይን ደኅና ነው፤ የታመመው ማየታቸው ሳይሆን ልብ ማለታቸው ነው» አለን። ሐኪሞች ለዚህ ደዌ በየቋንቋቸው ስም አላቸው፤ እኛ በአማርኛ ግራን መዘንጋት ብንለው የሚስማማው ይመስለናል። ሐኪሙ እንዳስረዳን፥ በዓይን የገባው ብርሃን በሥር ተላልፎ ከአንጎል በስተ ኋላ ወዳለው ስፍራ ይደርሳል፤ የአባታችን ግራ ወገን እዚያ ድረስ ይደርሳል። የተጎዳው ከዚያ ወደ ፊት፥ ከጆሮ በላይና ወደ ኋላ ያለው ክፍል ነው። ይህ ክፍል በግንባር በኩል ካለው ከሌላው የአንጎል ወገን ጋራ እየተላላከ፥ ከሚታየውና ከሚሰማው ሁሉ ለየትኛው ልብ እንደሚባል ይወስናል። ብዙ ሊቃውንት እንደሚሉት፥ የቀኙ አንጎል ወደ ሁለቱም ወገን ልብ ሲል፥ የግራው ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቀኝ ብቻ ነው። ሁለት ዘበኞች እንዳሉት ግቢ ብናስበው፥ አንዱ ዘበኛ ሁለቱን በር፥ ሁለተኛው አንዱን በር ብቻ ይጠብቃል። ሁለተኛው ቢታመም ፊተኛው ይተካዋል፤ ፊተኛው ሲታመም ግን የግራው በር ያለ ጠባቂ ይቀራል። ስለዚህ ነው ቀኝን መዘንጋት ግራን ከመዘንጋት ይልቅ ጥቂት የሆነው።

ሐኪሙ ከነገረን ሁሉ ልባችንን የያዘው በኢጣልያ አገር የተደረገው ምርመራ ነው። በሚላኖ ከተማ በታላቁ ካቴድራል ፊት የከተማው ሰው ሁሉ ጠንቅቆ የሚያውቀው ሰፊ አደባባይ አለ። ኤዶዋርዶ ቢሲያክና ክላውዲዮ ሉዛቲ የተባሉ ሊቃውንት በ1978 (እዚህ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተሙት ጽሑፍ፥ ቀኝ አንጎላቸው የተጎዳ ሁለት የሚላኖ ሰዎችን እንዲህ ብለው ጠየቁ፤ «በአደባባዩ ጫፍ ቆማችሁ ፊታችሁን ወደ ካቴድራሉ እንደ መለሳችሁ አስቡና የሚታያችሁን ንገሩን»። ሰዎቹም በቀኝ በኩል ያሉትን ሕንፃዎች ቈጠሩ፤ የግራውን አላነሡም። ቀጥሎም፥ «አሁን በካቴድራሉ ደጃፍ ቆማችሁ ወደ አደባባዩ እንደ ተመለከታችሁ አስቡ» ቢሏቸው፥ ቀድሞ የዘነጉት ወገን አሁን በቀኛቸው ሆኗልና እርሱን አንድ በአንድ ነገሯቸው፤ ከጥቂት ደቂቃ በፊት የቈጠሩትን ግን ተዉት። ሕንፃዎቹ ሁሉ በመታሰቢያቸው ውስጥ ነበሩ ማለት ነው። በአሳብ በተሣለ ሥዕል ላይ እንኳ ልብ ወደ ግራ አልሄድ አለ እንጂ።

ሐኪሙ የጎንደር ልጅ ነውና፥ «በእኛ ፒያሳ ብንሞክረው ጥሩ ነበር» ብሎ ሳቀ። አባታችን ግን የፒያሳ ሰው አይደሉም፤ የሚያውቁት አደባባይ የደብራቸውን ቅጥር ነው። በማግሥቱ እናታችን ባሉበት፥ የተቋጠረውም ልብስ በመደቡ ላይ ሳለ፥ «አባባ፥ በደብሩ በምዕራቡ በር ቆመው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲመለከቱ ምን ምን ይታየዎታል?» ብለን ጠየቅናቸው። ጥያቄው የሕፃን ጥያቄ መስሏቸው ፈገግ አሉና፥ «የደወሉ ቤት፥ ከእርሱ ቀጥሎ ዋርካው፥ ተማሪዎቼ የሚቀጽሉበት ጎጆ፥ ወደ በስተ ኋላም ዕቃ ቤቱ» ብለው መለሱ። ይህ ሁሉ በደቡብ ወገን ያለ ነው። «ሌላስ?» ብንላቸው፥ «ሌላማ ምን አለ?» አሉ።

በሰሜኑ ወገን የአባታቸው መቃብር አለ። አባታችን ደብሩን ከተረከቡ ጀምሮ ሳይሳለሙት የዋሉበትን ቀን አናውቅም። እናታችን ይህን ሲሰሙ የሚፈትሉትን ጥጥ አስቀመጡ። እኛም ቀጥለን፥ «አሁን ደግሞ በምሥራቅ ከቤተ ልሔሙ ደጃፍ ቆመው ወደ ምዕራብ ቢመለከቱስ?» አልናቸው። ጥቂት እንኳ ሳይቈዩ፥ «የአባቴ መቃብር፥ ከአጠገቡ ጥዱ፥ ወደ ጠበሉ የሚወርደው መንገድ» አሉ። ዋርካውና ጎጆው፥ ተማሪዎቻቸውም ጭምር፥ በተራቸው ጠፉ።

እናታችን ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቈዩና፥ «በአባታቸው መቃብርስ ምን ቂም ይኖራቸዋል?» አሉ። ከዚያም ተነሥተው ልብሱን ፈቱት።

ከዚህ በኋላ እኛ ስለዚህ ነገር የተጻፈውን እየፈለግን ማንበብ ያዝን። ልብ ከዓይን ተለይቶ ለብቻው እንደሚሄድ ከሁሉ አስቀድሞ በግልጥ ካሳዩት ሰዎች አንዱ ጀርመናዊው ሊቅ ሔርማን ፎን ሔልምሆልትስ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ይህ ሰው ፊደል የተጻፈበትን ወረቀት በጨለማ ሣጥን ውስጥ አኑሮ፥ ዓይኑን በመካከል ባለች አንዲት የብርሃን ነጥብ ላይ ተክሎ፥ ልቡን ግን አስቀድሞ ወደ ወረቀቱ አንድ ማዕዘን ይልክ ነበር። ከዚያ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ያበራል። ብልጭታው ዓይን ከማዘንበሉ በፊት ስለሚያልፍ ዓይኑ ወደዚያ ሊሄድ አይችልም፤ ሆኖም ልቡን በላከበት ማዕዘን ያሉትን ፊደሎች ያነብ ነበር፤ የቀሩትን አያነብም። ነገሩ በልጅነታችን ለእኛም አዲስ አልነበረም፤ ዓይናችንን በፊደል ገበታው ላይ ተክለን ልባችንን ወደ ኮቸሮው አቍማዳ ስንልክ የኔታ ሳያዩን አይቀሩም ነበርና።

በ1980 ደግሞ በአሜሪካ አገር በኦሬጎን ዩኒቨርሲቲ የነበረው ማይክል ፖዝነር ነገሩን በሰዓት ለካው። ሰዎቹ ዓይናቸውን ከመካከል ሳያነቃንቁ ይቀመጣሉ፤ ምልክት ይመጣና ብርሃኑ በየት ወገን እንደሚበራ ያመለክታቸዋል፤ ብርሃኑን ሲያዩ ቍልፍ ይጫናሉ። ምልክቱ እውነት ሲሆን ፈጥነው ይጫናሉ፤ ምልክቱ ሲያሳስታቸው ይዘገያሉ። ልዩነቱ በሺኛ የሰኮንድ ክፍል የሚቈጠር ነው፤ ነገር ግን ልብ ከተላከበት ስፍራ ተመልሶ ወደ ሌላው ለመሄድ ጊዜ የሚፈጅበት መሆኑን ያስረዳል። ይኸው ሊቅ ከባልንጀሮቹ ጋራ በ1984 እንደ አባታችን ያሉትን በሽተኞች ሲመረምር፥ የሚቸግራቸው ወደ ታመመው ወገን መሄድ ብቻ ሳይሆን፥ ደኅናውን ወገን አንድ ጊዜ ከያዙት በኋላ መልቀቅ መሆኑን አገኘ። ይህ ለቤታችን የጠቀመ ነገር ነው። የአባታችንን ራት ስናቀርብ በቀኝ በኩል ያለውን ዕቃ ሁሉ፥ መብራቱን፥ ውኃውን፥ መቍጠሪያውን ጭምር እናነሣለን፤ ልባቸውን የሚይዝ ነገር በቀኝ ሲጠፋ ወደ ግራ መምጣቱ ይቀላል።

ጆሮም እንደ ዓይን ነው። በቆሎ ትምህርት ቤት ያደገ ሰው እንደሚያውቀው፥ 30 ልጆች አንዱ ፊደል፥ አንዱ መልእክት፥ አንዱ ዳዊት ባንድነት እየጮኹ ሲያነቡ፥ የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠው፥ በስተ ኋላ ያለው ልጅ አንዲት ቃል ሲያሳስት «ተመለስ!» ይሉታል። እኛ ከዚያ ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት በገባን ጊዜ አስተማሪያችን አንድ ልጅ ሲያነብ ሌላው ሁሉ ዝም እንዲል ያዝዙ ነበር፤ የሁለት ሰው ድምፅ ባንድነት ሊሰማ አይችልም ይሉ ነበርና። የትኛው እውነት እንደ ሆነ ብዙ ዘመን ስንጠይቅ ኖረናል። እንግሊዛዊው ኮሊን ቼሪ በ1953 ባሳተመው ምርመራ፥ ለሰዎች በቀኝ ጆሮ አንድ ንግግር፥ በግራ ጆሮ ሌላ ንግግር እያሰማ አንደኛውን ብቻ ቃል በቃል እንዲደግሙ አዘዛቸው። ስለ ሌላው ንግግር ሲጠይቃቸው፥ የወንድ ድምፅ ወደ ሴት ድምፅ መለወጡን ያውቃሉ፤ ቋንቋው ከእንግሊዝኛ ወደ ጀርመንኛ ሲለወጥ ግን አላስተዋሉም። በ1959 ኔቪል ሞሬይ የሰዎቹን የራሳቸውን ስም ልብ ባልተባለው ጆሮ ቢያስገባ፥ ከ3 ሰው አንዱ ያህል ሰማው። እንግዲህ ሚሲዮናዊው አልተሳሳቱም፤ የኔታም አላታለሉንም። የኔታ 30ውን ንባብ አልሰሙም፤ ዳዊቱ እንደ ስማቸው የታወቃቸው ስለ ሆነ፥ የተሳሳተው ቃል ራሱ መጥቶ ይጠራቸው ነበር እንጂ።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ስፍራ ነው። ልብ ግን በጊዜም ውስጥ ይላካል፤ ይህን ያስተማረን የአባታችን መቋሚያ ነው። በማኅሌት ጊዜ ከበሮው መች እንደሚመታ፥ ጸናጽሉ መች እንደሚወርድ የሚያውቅ ሊቅ ድምፁን ሰምቶ አይነሣም፤ ድምፁ ከመምጣቱ በፊት ልቡ በዚያች ቅጽበት ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ጄኒፈር ኩልና አና ክርስቲና ኖብሬ በእንግሊዝ አገር በ1998 ባሳተሙት ምርመራ፥ ለአንዳንዱ ምልክት የት እንደሚመጣ፥ ለአንዳንዱ ደግሞ መች እንደሚመጣ ለሰዎቹ እያስታወቁ፥ የሚሠራውን የአንጎል ክፍል በመሣሪያ ተመለከቱ። መች እንደሚመጣ ያወቁትም ፈጥነው መለሱ። ስፍራን ሲጠብቁ ይበልጥ የሚሠራው የቀኙ አንጎል የላይኛው ወገን ሲሆን፥ ጊዜን ሲጠብቁ ግን የግራው ወገን ሆኖ ተገኘ። ይህን ካነበብን በኋላ ነው አንድ የቀድሞ ተማሪያቸው ሊጠይቃቸው መጥቶ ሲዘም፥ አባታችን በአልጋቸው ላይ ሆነው በቀኝ እጃቸው መቋሚያውን በየስፍራው ሳያሳልፉ ሲጥሉት ማየታችንን ያስታወስነው። ዘማሪው በግራቸው ቆሞ ነበርና አላዩትም፤ ዜማውን ግን አንዲት ምት አልዘነጉም። የአንድ ሰው ነገር ለሁሉ ማስረጃ እንዳይሆን ሥራችን አስተምሮናል፤ የሆነውን ብቻ እንጽፋለን።

አሁን ስለ ራሳችን ስሕተት እንናገር። ከአራት ዓመት በፊት በምንሠራበት ችሎት የአንዲት ባልቴት የእርሻ ይዞታ ክርክር ይሰማ ነበር። ተከሳሹ ወሰኑ አሁን ውኃ የሚሄድበት ወንዝ ነው ይላል፤ ባልቴቲቱ ደግሞ ወንዙ መንገዱን ሳይለውጥ ይሄድበት የነበረው ደረቁ ቦይ ነው ይላሉ። በመካከሉ ያለው መሬት 2 ጥማድ ያህል ነው። ቀኑ ከሰዓት በኋላ ሆኖ፥ እኛ ከጠዋት ጀምሮ አምስት ምስክር ጽፈን ነበር። ስድስተኛው ምስክር ሽማግሌ ሰው ሲሆኑ፥ «ወሰኑ ወንዙ ነው፤ ወንዙ ማለቴ አሮጌው» አሉ። እኛ «ወሰኑ ወንዙ ነው» ብለን ጽፈን አራት ነጥብ አደረግን። ቃሉ ሲነበብ ምስክሩ ዝም አሉና ፈርመው ወጡ። ባልቴቲቱ ግን ተነሥተው፥ «ጌታዬ፥ አሮጌው ብለዋል እኮ» አሉ። ዳኛው ወደ እኛ ተመለከቱ። እኛም ብድግ ብለን፥ «ክቡር ፍርድ ቤት፥ እንዲህ ያለ ቃል አልተባለም» አልን። አልሰማንም አላልንም፤ አልተባለም አልን። አባታችን ዶሮው አጠገባቸው ሳለ የለም እንዳሉ ማለት ነው፤ ልዩነቱ እርሳቸው ታመው፥ እኛ ጤነኛ ሆነን ነው።

ምስክሩ ከግቢው ሳይወጡ ተጠርተው ተመለሱ፤ አሮጌው ማለታቸውንም አረጋገጡ፤ በወንበር ላይ ከነበሩት ሰዎች ሁለቱ እንደ ሰሙ ተናገሩ። መዝገቡ ታረመ። ዳኛው አንዳች አልተናገሩንም። ባልቴቲቱ ሲወጡ ግን በጠረጴዛችን አጠገብ ቆም ብለው፥ «ልጄ፥ ያቺ አንዲት ቃል እኮ እንጀራዬ ነበረች» አሉን።

ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ የተረዳነው ዘግይተን ነው። በ1992 በካናዳ አገር ጄን ሬይመንድ፥ ኪምሮን ሻፒሮና ካረን አርኔል የተባሉ መርማሪዎች ፊደሎችን በአንድ ሰኮንድ 10 ያህል እያፈራረቁ ለሰዎች አሳዩ፤ ከእነዚያ መካከል ሁለት የተመረጡትን እንዲይዙ አዘዙ። ሰዎቹ የመጀመሪያውን ይይዛሉ፤ ሁለተኛው ከግማሽ ሰኮንድ ባነሰ ጊዜ ተከትሎ ከመጣ ግን ብዙ ጊዜ ያመልጣቸዋል። ዓይናቸው ተገልጦ ሳለ ልባቸው የያዘውን ሲያስገባ እንደ ተጨፈነ ይሆናል። የእኛ ነገር ከዚህ የረዘመ ነው፤ እጃችንም ይጽፍ ነበርና። ደግሞም ቀኑ መሽቶብን ነበር። እንግሊዛዊው ኖርማን ማክዎርዝ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የራዳር ተመልካቾችን ድካም ሲመረምር፥ ባንድ ጊዜ ሁለት እርምጃ አልፎ አልፎ የሚዘል የሰዓት እጅ ሠርቶ ሰዎችን ለሁለት ሰዓት ያስጠብቅ ነበር፤ በ1948 ባሳተመውም ጽሑፍ ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በኋላ የሚያመልጣቸው እንደ በዛ ገለጠ። ማስተዋል የሥራቸው ግብር የሆነ ሰዎችም ከዚህ አላመለጡም። በ2013 በታተመ ምርመራ በሳምባ ፎቶግራፍ ላይ ትንንሽ ዕባጭ እንዲፈልጉ ለ24 የራጅ ሐኪሞች ተሰጥቶ፥ በፎቶግራፉ ውስጥ ከዕባጩ 48 ጊዜ የሚበልጥ የጎሪላ ሥዕል ተሸሽጎ ነበር፤ 20ዎቹ አላዩትም፤ ከእነርሱም የሚበዙት ዓይናቸው በቀጥታ በጎሪላው ላይ አርፎ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እኛ አራት ነጥብ ከማድረጋችን በፊት ብዕራችንን አንሥተን ምስክሩን ቀና ብለን እናያለን። ጠበቆች ያዘግየናል ይሉናል። ያዘገያቸዋል።

ወደ አባታችን እንመለስ። ሐኪሙ ትሪውን ማዞርን፥ በሚነበብ ወረቀትም ግራ ዳር ላይ ቀይ መስመር ማስመርን አስተማረን፤ አባታችን ከማንበባቸው በፊት ያን ቀይ መስመር እስኪያገኙ ድረስ ዓይናቸውን ወደ ግራ እንዲመልሱ ማለት ነው። ቀይ ቀለሙ የብራና መጻሕፍትን ስለሚያስታውሳቸው ደስ አላቸው። ልጃችን ትሪውን የማዞር ሥራ ተሰጥቶት፥ እንደ ሹመት ቈጥሮት በየራቱ ይጣደፍ ነበር። እናታችንን ግን ወደ ቀኝ ይዛወሩ ብንላቸው እንቢ አሉ። «46 ዓመት የተቀመጥሁበትን አልለቅም፤ እርሳቸው ይምጡ እንጂ እኔ አልሄድም» አሉ። ሐኪሙ ይህን ሰምቶ፥ ከግራ እየጠሩ ማልመዱም ይጠቅማል አለን። እናታችንም ከመናገራቸው በፊት የአባታችንን ግራ እጅ ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጉ ጀመር።

በብዙዎች ላይ ይህ ደዌ በመጀመሪያዎቹ ወራት እያደር ይሻላል፤ በአንዳንዱም ላይ ይቀራል። አባታችን በኅዳር ደብዳቤ ከቀይ መስመሩ ጀምረው አነበቡ፤ የግራ ጫማቸውን ግን ገና ይረሱት ነበር። በጥር ወር፥ ለጥምቀት ዕረፍት ሄደን ሳለን፥ ቡና ተፈልቶ ሁላችንም ተቀምጠን ስንጫወት፥ ማንም ሳይጠራቸው፥ እጃቸውንም ማንም ሳይነካቸው፥ አባታችን ራሳቸውን ወደ ግራ አዘነበሉና ትክ ብለው ተመለከቱ።

«አንቺ፥ እዚያ ነሽ እንዴ?» አሉ።

«የት ልሂድ ብለው ነው? ከፍልሰታ ጀምሮ እዚሁ ነኝ» አሉ እናታችን፤ ስኒውንም በግራ እጃቸው አጠገብ አስቀመጡላቸው።